«ቤተሰቡ ቢተባበር ጥሩ ነው»

ከቤት የወጣሁት በጠራራ ፀሐይ ነው። ሰው ሲሰደድ በሌሊት የሚወጣ ይመስለኝ ነበር፤ እኔ ግን የወጣሁት ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ የላፍቶ ኮንዶሚኒየም በረንዳዎች ሁሉ በታጠበ ልብስ ተሞልተው፣ ረዳቶቹ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ» እያሉ ሲጣሩ ነው። እማዬ ግን እንደ ሌሊት ነበር የምታንሾካሹከው። ጎረቤታችን ደረጃ ላይ አግኝታን ወዴት እንደሆነ ስትጠይቃት «ብስራተ ገብርኤል አክስቷ ጋ ልትውል ነው» አለቻት። ሁለት ትልልቅ ሻንጣ ይዤ ነበር። ጎረቤታችን ሻንጣዎቹን አየች፣ እኔን አየች፣ «እንግዲህ በሰላም ዋይ» አለችኝ።

እማዬ ለምን እንደዋሸች ያኔ አልገባኝም። አሁን ገብቶኛልና ሰፈር ላላችሁትም፣ እንደኔ ለወጣችሁትም ልንገራችሁ።

ታላቅ ወንድሜ ሄኖክ መካኒሳ ውስጥ ሞባይል የሚጠግንበት ትንሽ ሱቅ ነበረው። ከጥገናው ጎን ለጎን ግን ፈቃድ ለሌለው የኢንተርኔት ቁማር ገንዘብ ይቀበል ነበር። ልጆቹ ስልካቸው ላይ አንዲት ትንሽ አውሮፕላን ስትወጣ ያያሉ፤ ከፍ ባለች ቁጥር ያስያዙት ይባዛል፣ ሳያወጡት ከጠፋች ሁሉም አብሮ ይጠፋል። እኔ ጥግ ላይ ቁጭ ብዬ ለፈተና ሳጠና የሁሉም ትንፋሽ ባንድ ላይ ሲቆም ይሰማኝ ነበር። እንደዚያ ዝም ብለው ሲያዩ ገና የሚወለድ ነገር የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር። ማፈር ቢኖርብኝም፣ ያምር ነበር።

መታወቂያ ባወጣሁ ሳምንት ሄኖክ በስሜ አንድ ሲም ካርድ እንዳወጣለት ለመነኝ፤ በእሱ ስም የሚፈቀደው ሞልቷል አለ። ለወንድም ስም ማዋስ ጃንጥላ እንደ ማዋስ ነው የመሰለኝ። ለምን እንደፈለገው ጠርጥሬ ነበር። ግን ደስ እንዲለው ስለፈለግኩ አልጠየቅኩትም።

ከመሄዴ በፊት በነበረው ሐሙስ ፖሊስ በየቦታው ያሉትን ቁማር ቤቶች አሰሰ። ኮምፒውተሩን፣ ስልኩን፣ ወንበሩን ሳይቀር ጭነው ሄዱ፤ ሄኖክንም ወሰዱት። ሰፈሩ ግን ስለ ሕጉ አላወራም፤ ያወራው ማን ቀድሞ እንደሚወጣ ነው። ትንንሾቹን ለቅመው ለቴሌቪዥን ያሳያሉ፣ ዋናዎቹን አይነኩም ተባለ። እውነትም አንዱ ባለ ትልቅ ቤት በማግስቱ በሩ ላይ ቆሞ ታየ፤ ግማሹ በዋስ ነው አለ፣ ግማሹ በጉቦ ነው አለ። እማዬ ሄኖክ ሰኞ ይለቀቃል አለችኝ። ዩኒቨርሲቲ ለመማር ካምፓላ የምሄድበትን፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ የነበረውን ትኬቴን ግን አርብ ማታ ለቅዳሜ አስቀየረችው። ዋጋው ቀንሶ ነው አለች። እናቴ ናት፣ አመንኳት። ወንድሜን ሳልሰናበተው ሄድኩ።

አውሮፕላኑ ሲነሳ ላፍቶን በመስኮት ፈለግኳት። ቆርቆሮዎቹ አንዴ አብለጨለጩ፣ ከዚያ ደመና ገባን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ቀን ሁሉ እንደ ሕልም ነው የማስታውሰው። ካምፓላ ስደርስ አፈሩ ቀይ፣ አየሩ እርጥብና ሞቃት ነበር። ዝናቡ እንደኛ በረዶ ይዞ አይመጣም፤ ለብ ያለ ውሃ ከላይ እንደሚያፈሱብህ ነው፣ ወዲያው ይቆማል፣ መንገዱ ይጨሳል። ሐዋሳ ያየኋቸው ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ፣ እዚህ የመብራት ምሰሶ ላይ ቆመው የሚያልፈውን ሰው ይታዘባሉ። ማቶኬ የሚሉት ምግብ ሙዝ ነው ሲሉኝ ጣፋጭ መስሎኝ ተስገበገብኩ፤ ድንች ድንች የሚል ቢጫ ገንፎ ሆኖ አገኘሁት። የአከራዬ የማማ ግሬስ ልጆች ታላቅ ሰው ሲያዩ ተንበርክከው ሰላም ይላሉ፤ እኔም አንገቴን ዝቅ አድርጌ መሳም ስለለመድኩ መሃል ላይ ግንባር ለግንባር እንጋጫለን።

አንድ ቀን ግን ማማ ግሬስ ለሁለት ሰዓት ቀጠረችኝ፤ «ሳዋ ቢሪ» ብላ። ለካ እነሱም እንደኛ ከጠዋት ጀምረው ነው የሚቆጥሩት። በዓለም ላይ ሰዓቴ ትክክል የሆነበት ሌላ ቦታ አለ ብዬ ክፍሌ ገብቼ አለቀስኩ።

ለዩኒቨርሲቲው የምኖርበትን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አስፈለገኝ። ደብዳቤውን የሚጽፉት የሰፈሩ ሊቀመንበር ናቸው፤ ማንጎ ዛፍ ሥር የፕላስቲክ ወንበር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌ። ፋይሌን አገላበጡና ሁሉም ተሟልቷል፣ የቀረው «ሳምቲንግ ስሞል» ነው አሉኝ። ትንሽ ነገር ማለት ነው። ትንሽ ነገር ጉርድ ፎቶ መሰለኝና አውጥቼ ሰጠኋቸው።

«ይሄ ፊትሽ ነው» አሉኝ።

ደንግጬ ከዚያ ያነሰውን ፎቶ ፈልጌ ሰጠኋቸው። ሊቀመንበሩ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱ፤ ጉሮሯቸው ደርቋል አሉ። ሮጬ ከሱቅ ቀዝቃዛ ሶዳ አመጣሁና እንደ ቤታችን ደንብ በሁለት እጄ አቀረብኩላቸው። ጠርሙሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እየሳቁ ማኅተሙን መቱልኝ። በእናንተ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ወይ ብለው ሲጠይቁኝ፣ አገሬን ላለማሳማት ብዬ፣ በጭራሽ የለም አልኳቸው። ምን እንደጠየቁኝ የገባኝ ማታ ማማ ግሬስ ስትነግረኝ ነው።

ይህን ለአባዬ በስልክ አጫወትኩት። አባዬ ጡረታ የወጣ አስተማሪ ነው፣ በቀላሉ አይስቅም፤ ያን ቀን ግን እስኪያስለው ሳቀ።

«አንቺ ሲጠይቁሽ አልገባሽም» አለኝ። «እናትሽ ደግሞ ሳይጠይቋት ገባት።»

የደበቁኝን ያኔ ነገረኝ። አርብ ዕለት እማዬ ለሄኖክ ስንቅ ይዛ ጣቢያ ስትሄድ መርማሪው በልጅቷ ስም የወጣ ሲም ተገኝቷል፣ ቤተሰቡ ቢተባበር ጥሩ ነው አላት። እማዬ ይህን ቃል ታውቀዋለች። ቆጣሪ ስታስቀይር፣ ካርታ ስታወጣ፣ በየመስኮቱ «ተባበሪን እንጂ» ተብላለች፤ ምን ማለት እንደሆነም እየከፈለች ተምራለች። ስለዚህ ሁለት ነገር አደረገች። ማታውኑ ትኬቴን አስቀየረች፤ ሰኞ ደግሞ የምሳ ዕቃው ሥር ብር ያለበት ፖስታ አስቀምጣ ሄደች።

መርማሪው ፖስታውን ሰው ሁሉ እያየ መለሰላት። ልጅቷ መጥታ ቃሏን ትስጥ ነው ያልኩት፣ የት ናት አላት። ከአገር መውጣቴ ሲታወቅ ነገሩ ተበላሸ። ከዚያ ወዲህ ሄኖክ በኮሚሽን የሚሠራ ትንሽ ወኪል መሆኑ ቀርቶ ተባባሪውን ወደ ውጭ ያሸሸ ዋና ሰው ተደርጎ ተቆጠረ፤ ዋስትናም ተከለከለ።

«እውነት ግን ሰውዬው ቃሌን ብቻ ነበር የፈለገው?» አልኩት።

«አላውቅም ልጄ። ሰፈሩ ስላነሰው ነው የመለሰው ይላል፣ እናትሽም እንደዚያው። እኔ ፊቱን አይቼዋለሁ፣ እውነቱን ይመስለኛል። ግን በፊትም እውነት የመሰለኝ ብዙ ነገር ነበር።»

ከዚያ ቀን በኋላ ትምህርት ክፍል ስቀመጥ የአስተማሪዋ ድምፅ ከውሃ ሥር የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። እማዬ ምንም እንዳልናገር በየቀኑ የድምፅ መልእክት ትልክልኛለች፤ ሄኖክም በአባዬ በኩል «ትማር፣ ስሟን አታበላሽ» ብሎ ልኮብኛል። ሁሉንም ደስ ማሰኘት የለመድኩ ልጅ ነኝ፤ ዝም ብል ሁሉም ደስ ይላቸዋል። ግን ዝም ባልኩ ቁጥር ሄኖክ እዚያው ነው። ሲሙን ለወንድሜ የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ እሱም ትንሽ ሠራተኛ ነበር ብዬ መናገር የምችለው እኔ ብቻ ነኝ። አባዬን ጣቢያ ሄዶ ስልኩን ለመርማሪው እንዲሰጥልኝ ለመንኩት።

አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ሦስት ጊዜ የገለበጥኩትን ጽሑፍ ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኩ። መርማሪው ድምፁ የደከመ ሰው ነበር። ሙሉ ስሜን ጠየቀኝ፣ ሲሙን ማን እንዳወጣው ጠየቀኝ፣ ወንድሜ ከማን ይታዘዝ እንደነበር ጠየቀኝ። የማውቀውን ሁሉ መለስኩ።

«ሲሙ ለምን እንደሚውል ታውቂ ነበር?»

ጽሑፌ ላይ «አላውቅም ነበር» ይላል። ወረቀቱን አየሁት።

«ጠርጥሬ ነበር» አልኩት።

የብዕሩ ድምፅ ቆመ። «ይህን ልጻፈው?» አለኝ፣ ቀስ ብሎ።

«ይጻፉት።»

ጻፈው። ይኸው ቃል ተፈርሞበት በኤምባሲ በኩል መላክ እንዳለበት፣ ከዚያ ዓቃቤ ሕግ እንደሚያየው ነገረኝ። ለእኔም ጣጣ ሊያመጣ እንደሚችል አልደበቀኝም። በርቺ፣ ተማሪ ብሎ ስልኩን መለሰ።

ስልኩን የተቀበለችው እማዬ ነበረች፤ ለካ አባዬን ተከትላ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ወደ ውጭ ስትወጣ የእግሯ ድምፅና የመኪና ጥሩምባ ተሰማኝ።

«ምን አለሽ?»

«በርቺ አለኝ፣ እማዬ። ቃሌን ፈርሜ እንድልክም ነገረኝ።»

«እሱን ተይው። ስንት አለ?»

«ምንም አላለም።»

«በደንብ አስታውሺ እስቲ።»

«እውነቴን ነው፣ ምንም አልጠየቀም።»

እንዲህ በቅርብ ስትተነፍስ ከሰማኋት ወራት አልፈዋል።

«ምንም ካልጠየቀማ» አለች፣ ድምፅዋ እየሳሳ፣ «ልጄን አይፈታውም ማለት ነው።»

ኧረ ይፈታዋል ልላት አፌን ከፈትኩ። በማን እንደምምልላት ግን አጣሁ።