በጋሽ ወልዴ ጠረጴዛ ላይ የነበረው ግንባር

ባለፈው ቅዳሜ የልጄን ዩኒፎርም ላሳጥር ከሶዶ ገበያ ጀርባ ካሉት ልብስ ሰፊዎች አንዱ ዘንድ ገብቼ ተራዬን እጠብቅ ነበር። መብራት ጠፍቶ ስለነበር ሰፊው የከሰል ካውያውን አውጥቶ እርጥብ ጨርቅ ላይ ሲያሳርፈው፣ ያ ትንሽ አመድ አመድ፣ ትንሽ ሳሙና ሳሙና የሚል ትኩስ እንፋሎት ሱቁን ሞላው። ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ወጣቶች ደግሞ በአንድ ስልክ ላይ ተደፍተው የሆነ የሩቅ አገር ጦርነት ይከታተላሉ። ሲያፈገፍግ የከረመው ወገን ዞሮ ማጥቃት ጀምሯል መሰለኝ፤ አንደኛው ጭኑን በጥፊ እየመታ «ይሄንንም ከተማ ያዙት! በዚህ አካሄድ እኮ ሳምንት አይፈጅባቸውም!» ይላል። በድምፁ ውስጥ ክፋት አልነበረም። ደስታ ብቻ ነበር፣ ኳስ የሚያይ ሰው ደስታ። እኔ ግን ያ ሽታና ያ ደስታ አንድ ላይ ሲመጡብኝ መቀመጥ አቃተኝና ዩኒፎርሙን እንደታቀፍኩ ወጥቼ በሩ ላይ ቆምኩ።

ያደግኩት ወደ ኦቶና ሆስፒታል በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ቤታችንና የጋሽ ወልዴ ቤት በአንድ የቁልቋል አጥር ይዋሰናሉ፤ መንገዱ ላይ የከፈታት የስፌት ሱቁ ደግሞ የሰፈሩ ሁሉ ደጅ ነበረች። ጋሽ ወልዴ ገና በጎረምሳነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ ሶዶ የቀረ፣ ወላይትኛውን ከእኛ ከልጆቹ አሳምሮ የሚናገር፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ እየሳቀ ሊውጣት ነው ብለን የምንሳቀቅለት ሰው ነበር። አባቴ መምህር ጳውሎስ ሒሳብ ያስተምራል፤ የጸሎት ቤታችንም ሽማግሌ ነው። አንዱ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም ኦርቶዶክስ፣ ሌላው ጠላ እንኳ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ጴንጤ፤ ሆኖም አባቴ ከትምህርት ቤት ሲመለስ መጀመሪያ የሚረግጠው የእኛን ደጅ ሳይሆን የሱቋን ደጃፍ ነበር። እናቴ «ደብተሩን እዚያው ያርም፣ እራቱንም እዚያው ይብላ» እያለች ታማርር ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ሳሙኤልና የጋሽ ወልዴ የበኩር ልጅ ሙሉጌታ፣ ሙሌ የምንለው፣ በአንድ ዓመት ተወልደው፣ በአንድ ክፍል ተምረው፣ የአሥራ ሁለተኛን ፈተና በአንድነት የወደቁ ጓደኛሞች ናቸው። ቁመታቸው እኩል ስለነበር ጋሽ ወልዴ ሱሪ ሲሰፋ አንዱን ለክቶ ሁለት ይቆርጣል። የድንበሩ ጦርነት ሲጫር አብረው ተመዘገቡ። የሚሄዱ ዕለት እናቴ የቋጠረችላቸውን፣ የሚያቃጥል የቃሪያ ዳጣ የሞላበትን ጠርሙስ ሙሌ ከመኪናው ላይ ከፍ አድርጎ እያሳየን «ጥይት ሲያልቅብን በዚህ እንዋጋለን!» አለና ሲያለቅሱ የነበሩትን እናቶች አሳቃቸው። ሳሙኤል አልሳቀም። እሱ ድሮም ዝምተኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ከዓመት በላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። ምሽግ ለምሽግ ተፋጠዋል ይባላል። ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ የተንጠለጠለው ሬዲዮ ማታ ማታ ያንኑ ይደጋግማል፤ ጋሽ ወልዴ የደከሙትን ባትሪዎች ቀን ቀን ቆርቆሮ ላይ ፀሐይ እያሞቀ ትንሽ ዕድሜ ይቀጥልላቸዋል። እንዲህ እያልን ግንቦት ገባ። ስኳር ድንቹ የከዳበት ዓመት ነበር። ከገጠር ፊታቸው የገረጣ ሰዎች ልጆቻቸውን አዝለው ወደ ከተማ ይወጣሉ፤ ዳሞታ ተራራ ጉሙን ተከናንቦ ይውላል፤ ዝናቡም ከረፈደ በኋላ ያለ ልክ ይወርዳል። በዚህ መሀል አንድ ጠዋት ሬዲዮው በማርሽ ተከፈተና ጦራችን መልሶ ማጥቃት መጀመሩን ተናገረ።

አባቴ ጠብ ሲያይ መንገድ የሚቀይር ሰው ነበር። በዚያ ሰሞን ግን ሌላ ሰው ሆነ። ከጋሽ ወልዴ የደረቀ ሳሙና ስባሪ ይቀበልና፣ ጨርቅ በሚቆረጥበት በካውያ በጠቆረው ረጅም ጠረጴዛ ላይ ግንባሩን ያሰምራል፤ መቀሱ ኮረብታ ይሆናል፣ የክር ማጠንጠኛው ታንክ ይሆናል፣ የቁልፍ ቆርቆሮው ከተማ ይሆናል። ሬዲዮው አንድ የማናውቀው ቦታ ስም በጠራ ቁጥር የቁልፍ ቆርቆሮው ተነስቶ ወደ ፊት ይሄዳል። አግዳሚው ላይ የሚቀመጡት ሰዎች፣ ከቤታቸው በር ውጭ ጦር አዝምተው የማያውቁ መምህራንና ነጋዴዎች፣ በዚህ ይታጠፍ፣ በዚያ ይቆረጥ እያሉ ይከራከራሉ። ሥራ ተረሳ። የአጥቢያችን ወንጌላዊ አዲስ ኮት ሁለት ቀኝ እጅጌ ይዞ ወጣና ወንጌላዊው ሳይቆጡ «መቼም ቀኝ እጅ ሲበዛ በረከት ነው» ብለው ትተውት ሄዱ።

ከሁሉም ይልቅ የማስታውሰው ፍጥነቱን ነው። ከዓመት በላይ ስንዝር ያልተነቃነቀው ያ መስመር አሁን በጠረጴዛው ላይ ይሮጣል። አባቴ ለዚህ ፍጥነት አንድ ቀመር ነበረው፤ ለእናቴም ለእትዬ ዘነበችም፣ ለሙሌ እናት ማለቴ ነው፣ ደጋግሞ ነግሯቸዋል። «የሚሮጥ ጦር ብዙ ሰው አይሞትበትም። ሰው የሚያልቀው ቆሞ ሲታኮስ ነው» ይላል፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ በጣቱ አየሩን እየከፈለ። እናቶቹም በዚህች ቃል ተንጠለጠሉ። እናቴ ብቻ ሱቁ ደጃፍ ላይ ሳትገባ ቆማ፣ ከወላይትኛዋ በምትገለብጠው አማርኛዋ «እነሱ በእግር ነው የሚሄደው ወይስ በመኪና?» ብላ ጠየቀች። አባቴ «በሁለቱም» አላት። «ሲደክመውስ? የት ያርፋል?» አለች። አግዳሚው ላይ ያሉት ሳቁ። ሬዲዮው የጠላትን ሙት ሲቆጥር እሷ ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች «የእኛስ?» ስትል የሰማኋት እኔ ብቻ ነኝ፤ አጠገቧ ስለነበርኩ።

ማጥቃቱ በተጀመረ ማግስት ምሽጉ መሰበሩ ተነገረ። ያን ዕለት ጋሽ ወልዴ ከፊት ለፊቱ ሻይ ቤት ለአግዳሚው ሁሉ፣ ለመንገደኛውም ሳይቀር፣ ሻይ አዘዘ። ሜትሩን እንደ ሜዳሊያ ሪባን በደረቱ ላይ አጋድሞ «ልጆቻችን አሁን፣ አሁን በዚህች ሰዓት ምሽግ ላይ ናቸው!» እያለ ብርጭቆውን አነሳ። ለእኔም ስኳር የበዛበት ደረሰኝ። እስከ ዛሬ ከጠጣሁት ሻይ ሁሉ የጣፈጠኝ ያ ነው፤ ይህንን መናገር ይከብደኛል፣ ግን እንደዚያ ነበር።

ጦርነቱ አለቀ። ሶዶ ውስጥ መኪናዎች ጥሩምባ እየነፉ ዞሩ፤ ተማሪዎች እስከ አደባባዩ ዘፍነን ወረድን። ከዚያ አግዳሚው ቀስ በቀስ ባዶ ሆነ። ሌላው ሰው ወደ ሥራው ሲመለስ ሁለቱ አባቶች ብቻ ቀሩ። ሬዲዮው ሙዚቃ እያሰማቸው፣ አንዱ እየሰፋ አንዱ እያረመ ይጠብቃሉ። ክረምቱ መጣ፤ በቆሎው አሸተ፤ የተራበው ሰው እሸት ቀመሰ። ሳሙኤል የመጣው ያኔ ነው፤ በገበያ ቀን፣ ጭቃ ለጭቃ፣ አንዲት ሻንጣ አንግቦ፣ ብቻውን።

ወደ ቤታችን ለመድረስ በሱቁ ማለፍ ግድ ነው። ጋሽ ወልዴ ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ሮጦ ወጣና አቀፈው፤ ጉንጩን ሳመው፣ ግንባሩን ሳመው፣ እንደገና አቀፈው። አቅፎትም ሳለ ዓይኑ በሳሙኤል ትከሻ ላይ አልፎ መንገዱን ይፈልጋል።

«ሙሌስ?»

«ከኋላ ነው ጋሼ» አለ ሳሙኤል። «የእሱ ክፍል ገና አልተለቀቀም።»

ቤታችን በደስታ ተሞላ፤ በግ ታረደ፤ የጸሎት ቤቱ ሰው ሁሉ መጥቶ አመሰገነ። ሳሙኤል ግን ብቻውን መንገድ መሄድ አይወድም፤ ወደ ሱቅም ወደ ጸሎት ቤትም እኔን እጄን ይዞ ነው የሚሄደው፤ ትንሿ እኔ ሳልሆን እሱ የሆነ ይመስል። እትዬ ዘነበች ለምሳ ስትጠራው ሆዴን አመመኝ ይላል። አባቴ አንድ ጊዜ ጀምሮ «ልጄ፣ እዚያ ምን…» ሲለው «አባዬ፣ ተወኝ» አለው። አባቴም ተወው። ከዚያ ሰሞን ወዲህ ወደ ሱቁ የሚሄድበት እግሩ እያጠረ መጣ፤ ደብተሩን ቤት ማረም ጀመረ። እናቴም ከእንግዲህ አላማረረችም።

መስከረም ሲጠባ ጋሽ ወልዴ ሳሙኤልን አስጠራው። ለመስቀል ወደ ቤቱ የማይመለስ የጉራጌ ልጅ የለም፣ ሙሌም መምጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ሙሉ ልብስ ሊሰፋለት ነው። አመድማ የሆነ ጥሩ ጨርቅ ገዝቷል። «ቁመታችሁ አንድ ነው፤ በአንተ ልለካው» አለው። እኔ እንደ ልማዴ የሳሙኤልን እጅ ይዤ ገብቼ በሩ አጠገብ ቆሜ ነበር።

ሳሙኤል እጆቹን ዘርግቶ ቆመ። ጋሽ ወልዴ ትከሻውን ለካ፤ ክንዱን ለካ፤ ዞሮ ሜትሩን በደረቱ ላይ አሰረ። «ከሄዳችሁ ወዲህ ደረትህ ቀንሷል» አለ። «እሱም እንዳንተ ከስቶ ይሆናል። ትንሽ ላጥብበው?» ሳሙኤል የተዘረጉትን እጆቹን አወረደና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። ጋሽ ወልዴ ሜትሩን አላላቀቀም። ቀና ብሎም አላየውም። ዓይኑን ቁጥሩ ላይ እንዳደረገ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣

«ልስፋው ወይስ አልስፋው?» አለ።

«አትስፋው ጋሼ» አለ ሳሙኤል።

ውጭ ጋሪ ሲያልፍ ይሰማኛል። ጋሽ ወልዴ ሜትሩን ከደረቱ ፈታው፤ በጣቱ ላይ ቀስ አድርጎ ጠቀለለው። «መቼ?» አለ።

«ማጥቃቱ በተጀመረ ማግስት። ምሽጉ የተሰበረ ዕለት፣ ጠዋት።»

«ሻይ የጋበዝኩ ዕለት» አለ ጋሽ ወልዴ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሱ። ከዚያ የስፌት መኪናው ወንበር ላይ ተቀመጠ። «አነሳችሁት?»

«አልቆምንም። ማንም ለማንም እንዳይቆም ነበር የተባልነው። መስመሩ እንዳይቀዘቅዝ።»

ጋሽ ወልዴ ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ገባው ሰው። አመድማውን ጨርቅ አጥፎ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ። «ዛሬ እናቱ አትስማ፣ ትተኛ» አለ። «ነገ ጠዋት አባትህ ሽማግሌ ይዞ ይምጣ።» ይህን ብሎ ሳሙኤልን ወደ ራሱ ሳበው፤ ወንድሜም ከመጣ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሰ።

አባቴ ሲሰማ ጫማውን ሳያስር ወጣ። ተከትዬው ሄድኩ። ሱቁ ገብቶ ጨርቅ ውሃ ውስጥ ነክሮ ጠረጴዛውን ይፈትግ ጀመር። የሳሙናው መስመር ከለቀቀ ቆይቷል፤ እሱ ግን ፈተገ፣ ፈተገ። በመጨረሻ ጋሽ ወልዴ እጁን ያዘውና «ተው መምህር፣ እንጨቱን ነው የምትፍቀው» አለው።

መርዶው በማግስቱ ማለዳ ተነገረ። የእድሩ ድንኳን መንገዱን ይዞ ተተከለ። እናቴ በወላይትኛ ስታለቅስ እትዬ ዘነበች በጉራጊኛ ትመልስላታለች፤ አንዷ የሌላዋን ቃል የምታውቅ አይመስለኝም፣ ግን አንዷ ስታቆም ሌላዋ ከዚያው ትቀጥል ነበር። በሦስተኛው ቀን እትዬ ዘነበች ሳሙኤልን አጠገቧ አስቀምጣ ልጇ ያለበትን ቦታ ስም ንገረኝ አለችው። ሬዲዮው ያን ሁሉ ስም ሲጠራ ሰምታለች፤ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው የፈለገችው።

«ስም የለውም እትዬ። በሁለት ከተማ መካከል ነው። ሜዳ ነው።»

አሰበች። «ዛፍ አለው?»

«አለው» አለ ሳሙኤል። «ትልቅ ግራር አለው።»

እሷም ለሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ፣ በኋላም ለዓመታት፣ ልጄ ግራር ሥር ነው ያለው፣ ጥላ አለው ትል ነበር።

አሁን ያ ሁሉ አልፏል። እነ ጋሽ ወልዴ ሱቁን ሸጠው ወደ አገራቸው ገቡ፤ ሊሰናበቱን ሲመጡ ሁለቱ አባቶች እንደ ድሮው ተሳስቀዋል፣ ግን ዓይን ለዓይን አልተያዩም። አባቴ እስከ ሞተበት ቀን ድረስ የጦርነት ዜና ሲጀመር ኮፍያውን አንስቶ ከቤት ይወጣ ነበር፤ በኋላም አገሩ ሌላ ጦርነት ሲያይ፣ የሰፈሩ ጎልማሶች ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበው ጦር ሲያዘምቱ፣ ያ ሽማግሌ ዝናብ ውስጥ ጃንጥላ ይዞ ይቆም ነበር። እኔ የእነዚያን ከተሞች ስም ዛሬም እንደ ልጅነት የቃል ጥናት በተራ እወጣቸዋለሁ። አንዱንም አይቼ አላውቅም። ስማቸው ከአእምሮዬ ወጥቶ በምትኩ የሙሌ ድምፅ ቢመለስልኝ እወድ ነበር፤ ስቆ ያሳቀን ትዝ ይለኛል፣ ድምፁ ግን ጠፍቶብኛል።

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ እሑድ ከጸሎት ቤት ስወጣ ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ በዴሳ ከተማ ወረድኩ። ሳሙኤል እዚያ እህል ይነግዳል፤ ሦስት ልጆች አሉት፤ ፀጉሩ ሸብቷል። መጋዘኑ ደጃፍ ላይ የበቆሎ ጆንያ አፍ ሲሰፋ አገኘሁት። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህል ዋጋ አወራን። ከዚያ በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ያልጠየቅሁትን ጠየቅሁት።

«ሳሚ፣ ያ ግራር በእርግጥ ነበረ?»

ወስፌውን ጆንያው ላይ ሰክቶ ተወው። ወደ መንገዱ፣ ሞተር ሳይክሎቹ አቧራ እያስነሱ ወደሚመላለሱበት፣ ብዙ ተመለከተ።

«ይኖር ይሆናል» አለኝ። «እኔ አላየሁም አስቱ። እየሮጥን ነበር።»