ሂርና የደረሰው ስልኬ

ስልኬ አሁን ሂርና ነው። እኔ ጭሮ፣ ከማስተምርበት ክፍል ኮምፒውተር ላይ እየጻፍኩላችሁ ነው።

ጠዋት፣ ኮምፒውተሮችን በገመድ የሚያገናኘው ኢተርኔት መረጃን ጠቅልሎ፣ ከላዩ አድራሻና ዓይነት ጽፎ እንደሚልክ ላሳይ ብዬ ስልኬን እንደ ጫት በሙዝ ቅጠል ጠቀለልኩት። ላዩ ላይ «ከጭሮ ወደ ሂርና፤ ዓይነት፦ ጫት» የሚል ወረቀት ለጠፍኩ። ተማሪዎቼ በሳቅ ፈረሱ።

ለእረፍት ስንወጣ በሩ ጋ ረሳሁት። ጎረቤታችን ጫት ጫኙ አህመድ አየው። ጫት ደግሞ እኛ ጋ አያድርም! ሚኒባስ ላይ ወረወረው።

በተማሪ ስልክ ወደ ስልኬ ደወልኩ። ሂርና ላይ ጫቱን የተረከበው ነጋዴ ፈትቶ አነሳው፦ «ወላሂ፣ ዛሬ የመጣው ጫት ይጮኻል!»

አህመድን ስቆጣው፣ «ቲቸር፣ እኔ የላዩን አነበብኩ፤ ውስጡ ምን አገባኝ?» አለኝ።

ሳምንቱን ሙሉ ያስተማርኩት ይህንኑ ነው፤ ኢተርኔትም የላዩን ብቻ አንብቦ ነው የሚያደርሰው።

እናንተስ ሳታስቡት ምን ልካችሁ ታውቃላችሁ? እዚሁ ጻፉልኝ። ከደወላችሁ የሚያነሳው የሂርናው ነጋዴ ነው።