በጀማል መቃብር አጠገብ የሚያልፈው ቧንቧ

ከአዲስ አበባ ስንነሳ ሰማዩ ጠቁሮ ነበር፤ የእኔም ፊት ከሰማዩ አይሻልም። ክረምት ሊገባ ሲል ወደ አርሲ ደጋ መውጣት ማን ይወዳል? አለቃዬ ግን ሌላ የሚልከው ሰው አላገኘም።

ጉዳዩ ይህ ነው። ከጭላሎ ተራራ ሥር ካለ ምንጭ ወደ አሰላ ከተማ ውሃ የሚያወርደው የብረት ቧንቧ ገና ብዙ ሳያገለግል ዝገት በላው፤ ሁለት ቦታ ላይም ተበሳ። እንዳይዝግ ተብሎ በመስመሩ ዳር ማግኒዚየም የሚባል ብረት ተቀብሮ በሽቦ ተያይዞለት ነበር። ከማግኒዚየሙ የሚመነጨው ትንሽ ኤሌክትሪክ ቧንቧውን ይጠብቀዋል፤ ማግኒዚየሙ በእሱ ፋንታ እየተበላ ያልቃል። አሁን ግን ኤሌክትሪኩ አንድ ቦታ ላይ እየፈሰሰ ይጠፋል። ያንን ቦታ ካላገኘሁ ቧንቧው ያልቅና ከተማው ተመልሶ ከወንዝ ይቀዳል።

ናዝሬት ምሳ በላን። ወጡ ውሃ ውሃ ይላል፤ ለዚያውም ሃምሳ ሳንቲም አስከፈሉን። አዋሽን ተሻግረን እስከ ዴራ አቧራ ስንቅም ቆየን፤ ኢተያ ስንደርስ ደግሞ ዝናቡ ወረደና አቧራው ጭቃ ሆነ። ከሁሩታ ገበያ እህል ጭነው የሚመለሱ አህዮች መንገዱን ዘግተውት ሾፌራችን ደምሴ ጥሩምባውን ሲያስጮህ፣ ነጂዎቹ ዞር ብለው እንኳ አላዩንም። ደግ አደረጉ።

አሰላ የገባነው ሊመሽ ሲል ነው። የጋሪ ፈረሶች በዝናብ ርሰው አንገታቸውን ደፍተው ቆመዋል። የውሃው ሠራተኛ ከድር ተቀበለን። የአገሩ ተወላጅ ነው፤ ኦሮምኛውንም አማርኛውንም እኩል ይናገራል፤ ጨዋታም ያውቃል።

በመስመሩ ላይ

በማግስቱ ከከተማው ጀምረን ሽቅብ ወጣን። የመለኪያዬን አንዱን ሽቦ ከቧንቧው፣ ሌላውን ሰማያዊ የመዳብ ውሃ ከያዘች ትንሽ ሸክላ ጋር አያይዤ ሸክላዋን እርጥብ መሬት ላይ አስቀምጣለሁ። መርፌው ምልክቱን ካለፈ ቧንቧው ደህና ነው፤ ካላለፈ እየዛገ ነው። አንድም ቦታ አላለፈም። ሽቅብ በሄድን ቁጥር እንዲያውም እየወረደ ሄደ። ከድርም ጨዋታውን እየቀነሰ መጣ፤ የገብስ ማሳዎቹ ጋ ስንደርስ ወደ ኋላ ቀረት አለ።

መርፌው ከሁሉም በታች የወረደበት ቦታ ላይ መቃብር አገኘሁ። ዙሪያው በብረት ታጥሯል፤ ብረቱም የእኛው ቧንቧ ቁራጭ ነው።

ከድር ያኔ ተናገረ። ጀማል የሚባል ወጣት ለዚህ ቧንቧ ሲቆፍር ጉድጓዱ ተደርምሶበት ሞተ። አባቱ እዚያው ከመሬታቸው ጫፍ ቀበሩት። የሥራው አለቃ ለሐዘኑ ብሎ ከተረፈው ቧንቧ አጥር አሠራለት፤ ጅብ ነቅሎ እንዳይገባም የአጥሩን እግሮች መሬት ውስጥ ከዋናው ቧንቧ ጋር አስበየዳቸው። በደግነት ነበር ያደረገው። ለቧንቧው የተላከው ኤሌክትሪክ ግን በእነዚያ እግሮች በኩል ወደ አጥሩና ወደ መሬቱ ይፈስ ነበር።

«ምነው ትናንት ሳትነግረኝ?» አልኩት።

«እርስዎ የጠየቁኝ ስለ ብረት ነው» አለኝ።

አባ ጀማል

የሟቹ አባት ሳይጠሩ መጡ፤ ሽማግሌ ናቸው። በአገሩ ልማድ በልጃቸው ስም አባ ጀማል ይባላሉ፤ ልጁ ከሞተም በኋላ ሰው የሚጠራቸው በዚያው ስም ነው። ሰላምታዬን ተቀብለው መለኪያዬን ቁልቁል ተመለከቱ። መቃብሩን እንደማንነካ፣ የአጥሩን እግሮች ብቻ ቆፍረን ከቧንቧው እንደምንቆርጥ ነገርኳቸው። ከድር በኦሮምኛ ደገመላቸው።

«ብረቱን የሰጣችሁኝ እናንተ» አሉ በአማርኛ። «ጅቡስ?»

አጥሩ ከተቆረጠ በኋላ በድንጋይ እናጠናክረዋለን አልኩ። ራሴም ያመንኩበት አይመስለኝም። አፈሩ በዝናብ ላልቷል፤ መቃብሩም ከምንቆፍርበት ሁለት እርምጃ አይርቅም። ጉድጓዱ ከተናደ ልጃቸውን ይዞት ይወርዳል። እሳቸውም ይህን አይተውታል።

«ጉድጓድ የሚገባው ማነው?»

ለቁፋሮ ይዘናቸው የወጣነውን ሁለት የቀን ሠራተኞች አሳየኋቸው።

«ያን ጊዜም ያዘዘው ሰውዬ ከላይ ቆሞ ነበር» አሉ።

አፈርኩ። እኔ እገባለሁ አልኩ። እሳቸው ጀርባቸውን ሰጥተውን ሄዱ። ከድር እምቢ ብለዋል ብሎ ዕቃ መሰብሰብ ጀመረ።

ሽማግሌው ግን ከጎረቤቶቻቸው ጋር ወፋፍራም እንጨት ተሸክመው ተመለሱ። የጥጃ በረታቸውን አፍርሰውት ነው። እኔ ቆፍሬ ጠለቅ ባልኩ ቁጥር የጉድጓዱን ግድግዳ በእንጨቱ አስደገፉት፤ አንዱን ባቆሙ ቁጥር መጽናቱን ለማየት በእጃቸው ይነቀንቁታል። ቧንቧው ሲታይ መጋዝ አቀበሉኝ። አፈር በአንገቴ ይገባል፤ እንጨቱ ከኋላዬ ሲጢጥ ይላል። ፈራሁ። ቀና ስል የሽማግሌው ሁለት እጆች ከላይ አንዱን እንጨት ጨብጠዋል። እኔን እየጠበቁ ነው ወይስ ልጃቸውን፣ አላውቅም።

የመጨረሻው እግር ሲቆረጥ ከድር ከላይ መርፌው ምልክቱን አለፈ አለ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ጉድጓዱን መልሰን ሞላን። አጥሩ በእጅ ሲነኩት ይወዛወዛል። እስኪመሽ ድንጋይ ተሸክመን ከበብነው።

ስንሰናበት አባ ጀማል የተናገሩት አንድ ነገር ብቻ ነው። «እንጨት ነበረኝ። ያን ጊዜ የጠየቀኝ የለም።»

መመለሻ

በማግስቱ ከደምሴ ጋር ወደ አዲስ አበባ ተመለስን። ቤቴ ገብቼ ታጠብኩ፤ የአንገቴ አፈር ቶሎ አልለቀቀም። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ስለ መለኪያው አይደለም። የሞተው ልጅ የሞተው በእንጨት እጦት ነው፤ እንጨቱም ከጉድጓዱ አፍ እዚያው ማዶ ነበር።

ቢሮ እንደገባሁ ለሚቀጥለው ቁፋሮ የድጋፍ እንጨት ጠየቅሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ሰው ሳቀ። ብረት ልትለካ ነው የምትሄደው፣ እንጨት ምን ያደርግልሃል አለኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ አባት ያለው ሰው ይገባል አልኩት።