የአያ ይርጋ ሁለት ሱባኤ

ገሳይ ጤና ጣቢያ ሥራ የጀመርኩ ዕለት ገና ከጭነት መኪናው ጋቢና ወርጄ እጄን ሳላሞቅ የመርፌ መቀቀያ አስጨበጡኝ። አለቃዬ አቶ ውበቴ ቁስል በማጠብና መርፌ በመውጋት ያረጁ የድሮ ድሬሰር ናቸው፤ እኔ ደግሞ አዲስ የተመረቅሁ ጤና ረዳት።

«ሃያ ደቂቃ ይፍላ። አንዲት ደቂቃ እንዳትሰርቂ» አሉኝ። እንኳን ደህና መጣሽ ያሉኝ ከሃያው ደቂቃ በኋላ ነው።

ዘመኑ ደርግ ነው። መድኃኒት ከደብረ ታቦር በወር አንዴ ከመጣ እሰየው ነበር። በሽተኛው ሁሉ መርፌ ካልተወጋ የታከመ አይመስለውም፤ «ልጄ፣ ውጊኝና ልሂድ» ይለኛል ተረከዙ ተሰንጥቆ የመጣው ሳይቀር። ከመርፌ ቀጥሎ የሚወደደው ካፕሱል ነው። ገበያ ላይም ከጨውና ከክር ጎን በፍሬ ይሸጥ ነበር።

አያ ይርጋ ከጉና ተራራ ወገብ የመጡ ገበሬ ነበሩ። እንጨት ሲፈልጡ መጥረቢያ ቅልጥማቸውን መትቷቸው ቁስሉ መግል ይዟል። አጠብኩ፣ አሰርኩ፣ አርባ ካፕሱል ቆጥሬ ሰጠኋቸው። «በቀን አራት ጊዜ፣ ለአሥር ቀን» አልኳቸው። ደግመው አሉልኝ። እንዴት ያለሁ ጎበዝ ነኝ ብዬ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን በበቅሎ ተጭነው መጡ። እግራቸው አብጦ፣ ቁስሉ ሸቶ። ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽና የነፍስ አባታቸው ቄስ ሞገስ ደግፈው አስገቧቸው።

«መድኃኒቱስ?» አልኩ።

«ለሁላችንም ደረሰ፣ ተመስገን!» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ለካ የእትዬ ጥሩነሽ አማት ሲያስሉ ተሰጥቷቸዋል። ጥርሱን ያመመው ጎረቤትም ደርሶታል። ጥቂቱ ደግሞ ተፈትቶ፣ ዱቄቱ ቀንበር የላጠው በሬ ትከሻ ላይ ተነስንሷል።

«ለበሬ? ለበሬም ሰጣችሁ?»

«ምነው፣ እሱ ነፍስ የለውም?»

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ዛሬም አልተወኝም። ጣሪያው እስኪነቃነቅ ጮህኩባቸው። እትዬ ጥሩነሽ ግን በእርጋታ፣ «እናቱ እያሳላቸው ብቻውን ይዋጥ? ምን ያለ ስስት ነው?» አሉኝ።

አቶ ውበቴ ወደ ጓዳ ጠሩኝ። «ቤታቸው ሌላ በሽተኛ እንዳለ ጠይቀሻል?»

«አልጠየቅሁም።»

«ታዲያ ምን ያስጮህሻል?» ብለውኝ ወጡ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ያኑ ዕለት አያ ይርጋን ደብረ ታቦር ሆስፒታል ላክናቸው። ሐኪሙ በመለሱልን ወረቀት ላይ መድኃኒቱ በመሃል በመቋረጡ የቁስሉ ጀርም እንደተላመደው ጻፉ። ሌላ ዓይነት መድኃኒት አዘው፣ ለአሥራ አራት ቀን የሚበቃውን በብልቃጥ ሰጥተዋቸዋል። ይኼኛውም ካልሠራ እግሩ ይቆረጣል።

«እግሬ ከሄደ ማን ያርስልኛል?» አሉ አያ ይርጋ ከሆስፒታል ወደ እኛ ሲመለሱ። እኚያ ትልቅ ሰው እንባቸው መጣ። ብልቃጡ ጉና ሲደርስ ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ በሦስት ቀን ለመንደሩ ይዳረሳል። ብቆጣ ደግሞ ቁጣዬ ምን እንደፈየደ አይቻለሁ።

ያን ጊዜ ዓይኔ አጠገባቸው በቆሙት ቄስ ሞገስ ላይ አረፈ።

«አባ፣ አንድ ሰው ሱባኤ ቢገባ እኩሌታውን ጎረቤት ይጾምለታል?»

«ኧረ የለም! የገባው ራሱ ነው የሚጨርሰው።»

«እንግዲያው ይኼ አሥራ አራት ቀን ነው። ሁለት ሱባኤ። በመሃል አይፈታም፣ ለሰው አይሰጥም።»

ቄሱ እስኪንፈራፈሩ ሳቁ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው ብልቃጡ ላይ አሳረፉ። «ከዚህ የሚሰጥም የሚለምንም የተገዘተ ይሁን!»

«ለበሬውም አባ?» አሉ እትዬ ጥሩነሽ።

«ለበሬውም!»

አቶ ውበቴ ሳቃቸውን ለመደበቅ ወደ መቀቀያው ዞሩ። እኔም አማትየውን ራሳቸውን እንዲያመጡልኝ ነገርኳቸው። በማግስቱ መጡ፤ መርምረን የራሳቸውን መድኃኒት ሰጠናቸው። ጥርሱን ያመመውም ተከትሎ መጣና ነቀልንለት።

በስምንተኛው ቀን አያ ይርጋ ቁስሉን ሊያሳዩኝ መጡ። ደርቋል። «ድኛለሁ እኮ፤ የቀረውን ላስቀምጠው» አሉ። አፌን ስከፍት እትዬ ጥሩነሽ ቀደሙኝ። «አንተ ሰው፣ ገና አንድ ሱባኤ ቀርቶሃል! ልታስገዝተን ነው?» አሉና ብልቃጡን ከእጃቸው ነጠቁ። ከዚያ ወዲያ በሰዓት በሰዓቱ እየቆጠሩ የሚሰጡት እሳቸው ሆኑ።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከውጭ እልልታ ሰማሁ። ሮጬ ወጣሁ። አያ ይርጋ ከጉና ድረስ በእግራቸው፣ በሁለቱም እግራቸው፣ አህያቸውን እየነዱ መጥተዋል። ባዶውን ብልቃጥ እጄ ላይ አኖሩና ከአህያዋ አንድ ጆንያ ድንች አወረዱ።

«ይኼ ይካፈላል» አሉኝ።

ሳቄና እንባዬ ተቀላቀለብኝ። ድንቹን ከጥበቃው ጀምሮ ለሁሉም አዳረስን።

ከዚያ ወዲህ ጡረታ እስክወጣ ድረስ፣ «ቤት ውስጥ ሌላ ማን ታሟል?» ብዬ ሳልጠይቅ መድኃኒት ቆጥሬ ሰጥቼ አላውቅም። የታመመ ካለ የራሱን ይታከማል፤ የታዘዘለትም እስከ መጨረሻዋ ፍሬ ይውጣል። በሬ ቆስሎ እንደሆነም እጠይቃለሁ።