እትዬ ዘውዴ እና የቤት እርዳታው ኢንተርቪው

ዛሬ እትዬ ዘውዴ ለቤት ኪራይ እርዳታ ኢንተርቪው ገብተው «አሁን ያለሁበት ቤት በጣም ይመቸኛል» ብለው ቁጭ አሉ።

ያሉበት ቤት የኔ ነው። እዚህ ኧርቪንግ ከተማ፣ ሳሎኔ ውስጥ፣ ሶፋ ላይ ነው የሚተኙት። ጉልበታቸው እምቢ ስለሚል ጠዋት ደግፌ የማነሳቸውም እኔ ነኝ።

የእናቴ ጓደኛ ናቸው። የአፓርትመንቱ ማኔጀር ደግሞ ሊዙ ላይ፣ ማለትም የኪራይ ውሉ ላይ፣ ስማቸው ስለሌለ ከወሩ መጨረሻ በፊት ይውጡ ብሎናል።

ኢንተርቪው ያደረገችን የእርዳታ ቢሮው ሴትዮ ክፉ አልነበረችም። «ሁሉንም ሰው እኩል ነው የምናስተናግደው» ብላ በስልክ የአማርኛ አስተርጓሚ አገናኘችን። ከዛ ሁሉም የሚጠየቀውን ጠየቀቻቸው፤ አሁን የሚኖሩበት ቤት ችግር አለው ወይ?

«ኧረ ተመስገን! ልጄ እኮ ናት፣ ምን አጉድላብኝ!» አሉ፣ እጄን ይዘው።

አስተርጓሚው አንድ ቃል ሳይጥል ተረጎመው። ጎበዝ አስተርጓሚ የሚገጥመኝ እንዲህ ዓይነት ቀን ነው።

«ኖ፣ ማለቴ...» ብዬ ጣልቃ ልገባ ስል ሴትዮዋ «እሳቸው ይመልሱ» አለችኝ። ሶ፣ ጉዳያቸው አስቸኳይ አይደለም ተብሎ ወረፋው መጨረሻ ላይ ገቡ።

መኪና ውስጥ አላስችል አለኝ። «እትዬ፣ ሶፋው ወገቤን ጨረሰኝ ቢሉ ምን ነበረበት?»

«አጠገቤ ተቀምጠሽ? አንቺን ላሳጣሽ?» አሉኝ፣ በጣም አዝነውብኝ።

እኔ አጠገባቸው የተቀመጥኩት ላግዛቸው ብዬ ነበር።

እናንተስ፣ ትልቅ ሰው ይዛችሁ እንዲህ ዓይነት ቢሮ ስትሄዱ አብራችሁ ትገባላችሁ ወይስ ውጭ ትጠብቃላችሁ?