የእምቢታዬ ማስታወቂያ

ጆሃንስበርግ ውስጥ ባለች አንዲት ትንሽ ኮሌጅ ሁለት ሥራ ነበረኝ። ጠዋት በአስተዳደር ቢሮ የክፍል ድልድል አወጣለሁ፣ ደብዳቤ አረቅቃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ በሰዓት እየተከፈለኝ ታሪክ አስተምራለሁ። ጠዋት የጠፋ መታወቂያ ምትክ እንዳወጣላቸው የሚጨቀጭቁኝ ተማሪዎች ከሰዓት "ዶክተር" ይሉኛል።

ቋሚ መምህር መሆንን ስድስት ዓመት ሙሉ ተመኝቻለሁ። አንድ ሰኞ ዲናችን፣ ነገር ማንዛዛት የማይወዱ ሸበቶ ሴት፣ ቢሯቸው ጠርተውኝ ቋሚ የታሪክ መምህር መቅጠር እንደተፈቀደ ነገሩኝና ትወስደዋለህ ወይ አሉኝ። ልቤ ዘለለ። አፌ ግን እንደ አስተዳደጉ መለሰ።

"ኧረ እኔ ምኑን፣ ከእኔ የሚሻሉ ሞልተዋል" አልኩ።

ዲኗ ውሳኔህን አከብራለሁ ብለው በሩን ከፈቱልኝ።

ደስ ብሎኝ ወጣሁ። የቀረኝ ሁለተኛው ግብዣ ሲመጣ ማቅማማት፣ በሦስተኛው "እንግዲህ ካሉ" ማለት ብቻ ነው። ጀፕስታውን በሚባለው ሰፈር ልብስ የምትሸጠው ባለቤቴም ደግ አደረግህ፣ ቶሎ እሺ ካልክ የራበህ ይመስላቸዋል አለችኝ። ይህን የምትለኝ እሷ፣ ደንበኛን እስከ ታክሲው ድረስ ተከትላ ሸሚዝ የምታስይዝ ሴት ናት።

ማክሰኞ በዲኗ በር አምስት ጊዜ አለፍኩ። ረቡዕ ፎቶኮፒው አጠገብ አገኘኋቸውና ለማቅማማት ተዘጋጀሁ፤ ወረቀት ስለማለቁ አወሩኝ። ሐሙስ ኢሜይል መጣልኝ፦ ለታሪክ መምህርነት የቅጥር ማስታወቂያ አርቅቀህ አውጣ ይላል።

አረቀቅኩ፤ ምን አደርጋለሁ፣ ሥራዬ ነው። "ስለ አፍሪካ ቀንድ ጥልቅ እውቀት ያለው" ብዬ ለራሴ የሚመች መስፈርት ጨምሬ ነበር፣ ኅሊናዬ ሲቆጠቁጠኝ ሰረዝኩት። ከዚያ እኔው አመለከትኩ። ማመልከቻ የሚቀበለውም እኔ ስለሆንኩ "ስላሳዩት ፍላጎት እናመሰግናለን" የሚል ደብዳቤ ለራሴ ላክሁ። የሌሎቹን ማመልከቻ ሳደራጅ ግን ልዩነቱን አየሁ። ሁሉም ራሳቸውን አወድሰዋል፤ እኔ ብቻ "የተቻለኝን እሞክራለሁ" ብያለሁ።

ቃለ መጠይቁ ላይ ዲኗ ወረቀታቸውን ወደ ጎን አደረጉ። እምቢ ካልክ ለምን አመለከትክ አሉኝ። እኛ ኢትዮጵያውያን ዘንድ መጀመሪያ እምቢ ማለት ጋባዡን ማክበር እንደሆነ፣ ጋባዡም ደጋግሞ እንደሚለምን አስረዳሁ። አጠገባቸው የነበረው የሒሳብ መምህር ሳቅ አመለጠው። እሳቸው አልሳቁም።

"ይህን ቦታ ለአንተ ብዬ ሁለት ዓመት ለምኛለሁ" አሉ። "እምቢ ስትለኝ የናቅኸን መስሎኝ ቤቴ ገብቼ አለቀስኩ።"

አፈርኩ። እኔ ቀጣዩን ግብዣ ስጠባበቅ እሳቸው ምን እንደተሰማቸው አንዴም አላሰብኩም ነበር።

"ሥራውን እፈልገዋለሁ" አልኩ። "ይገባኛልም።"

እንዲህ ያለ ነገር ከአፌ ሲወጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ። ዲኗ ያልኩትን ጻፉና ስወጣ ቀጣዩን አመልካች እንዳስገባ አዘዙኝ። አስገባሁት፣ ውሃም ቀዳሁለት።

በሳምንቱ የቅጥር ደብዳቤ እንዳረቅቅ ዲኗ ጠሩኝ። በማን ስም ይውጣ ብዬ ጠየቅኩ።

"በአንተ፣ ፈቃደኛ ከሆ..." ሲሉ፣ ሳይጨርሱ እሺ አልኩ።