ቃና የጠፋ ዕለት

ጣሊያን ከመግባቱ ሁለት ዓመት በፊት ነው። ሳህሊቱ ከባሏ ከብሩ ጋር ከመንዝ ወርዳ ሶዶ ከከተመች ገና አንድ ክረምት አልፏታል። ብሩ የግምጃ ቤት ዘበኛ በመሆኑ ቀኑን ሙሉ ቤት የለም፤ እሷም ወላይትኛ ስላልገባት ጨዋታ ሲያምራት የምታጫውተው ቡችላዋን ነበር። ያቺ ቡችላ ግን የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ቆጮ ይቀብሩበት በነበረው፣ ዝናብ በሞላው ጉድጓድ ገብታ ሰጥማ ሞተች። ሳህሊቱ ለሰው እንደሚለቀስ አለቀሰች።

«ሌላ ውሻ እዚህ ቤት አይገባም» አለ ብሩ። «ሁለተኛ ለውሻ ለቅሶ አልቀመጥም።»

እሷ ግን ጎረቤታቸው ጩማ ቡችላ ታቅፎ ሲያልፍ አይታ አላስቻላትም። «ስሙ ማነው?» አለችው። ጩማ ጥያቄው ግራ ገብቶት ቡችላውን አየና «ካና» አላት። በወላይትኛ ውሻ ማለቱ ነው። ለእሷ የመጣላት ቃና ዘገሊላ ነው! በበዓሉ ቀን ተወልዶ ይሆናል ብላ ደስ አላት፤ «ቃ»ን ማላላቱን በሰውየው አንደበት አሳበበች።

ብሩ ቡችላውን ከጩማ እንውሰድ የሚለው ልመናዋ ሲበዛበት፣ «እሺ፤ አንድ ነገር ቢሆን ግን ይሄ የመጨረሻው ነው» አለ።

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሳህሊቱ ምድጃውን በድንጋይ ከበበች፣ ወስፌና እንዝርቷን ቆጥ ላይ ሰቀለች፣ በቅሎዋን እንዳትረግጠው ከደጅ አራቀች፣ የአጥሩን ሽንቁር በእሾህ ደፈነች። «እኔ ስመጣ እንዲህ የተጠነቀቀልኝ የለም» እያለ ብሩ ይቀልድባት ነበር።

የቀረው ጉድጓዱ ነው። ለእሱ አፈር ሲጋዝ በሩ ክፍት ዋለ፤ ቃናም ወጥቶ ጠፋ። ወይ ጥንቃቄ!

ሳህሊቱ ነጠላዋን እንኳ ሳትደርብ መንገድ ወጥታ ያገኘችውን ሁሉ «ቃና አያችሁ?» አለች። ሰዉም፣ ምስኪን፣ ውሻ ፈልጋ ነው ብሎ አዘነላት። ብዙም ሳይቆይ ደጇ በውሻ ተሞላ፤ ቡሬው፣ ጥቁሩ፣ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ሳይቀር።

«እሜቴ፣ ካና ፈለግህ አሉኝ» አለ ጩማ፣ አንድ ትልቅ ውሻ እየጎተተ። «ይሄ ጅብ ያባርራል።»

«ኧረ ቃና እኮ አንድ ነው።»

«ካናማ ብዙ ነው» አለና በጣቱ እየጠቆመ፣ «ይሄ ካና፣ ያ ካና።»

ሳህሊቱ ነገሩ ሲገባት ሳቋ አፍኗት መሬት ላይ ተቀመጠች። ሰዉም አብሯት ሳቀ። ሶዶ ከገባች እንዲህ ከሰው ጋር ስቃ አታውቅም። የጠፋው ቃና ትዝ ሲላት ግን ሳቁ ወደ እንባ ሊዞር ሆነ።

ይኼኔ ብሩ ከግምጃ ቤቱ በር ላይ ያገኘውን ቃናን በጋቢው ጠቅልሎ፣ እያለከለከ ደረሰ። ሳህሊቱ ፍርዷን እየጠበቀች ፊቱን አየችው። እሱ እሷንም፣ ያንን ሁሉ ውሻም ልብ አላለም፤ ቡችላውን ወደ ጆሮው አስጠግቶ፣ «ሁለተኛ እንዲህ እንዳታስደነግጠኝ፣ የኔ ጌታ» ይለው ነበር።